የመጀመሪያዋ ጥይት የባለእጁ ናት

የሚያናግረኝ ሰው በግራ ጎኔ ይምጣ። ቀኝ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ሥራ ለቋል። እኔ ግን ከአውራጃው መሣሪያ ግምጃ ቤት የተሰናበትሁት ባለፈው ጥቅምት ነው። ጡረታው ስንት ነው የሚለኝ አይጠፋም፤ ለጤፍ ይበቃል፣ ለበግ አይበቃም፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ጡረታው አይደለም። ከተሰናበትሁ በኋላ አንድ የፖሊስ ሻምበል እቤቴ ድረስ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ከውጭ የመጣ፣ ዘይቱ ገና ያልደረቀ አዲስ ሽጉጥ ገዝቶ ነበር። የአባቱንም አሮጌ ሽጉጥ ይዟል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና «አባባ ታከለ፣ ይሄ አዲሱ እንደ መስታወት ያበራል፤ የአባቴ ቀለሙ ሁሉ ለቋል። ታዲያ ምነው የአባቴን ስይዝ ልቤ ያርፋል፣ ይሄን ስይዝ አያርፍም?» አለኝ።

«ልብህ አልተሳሳተም፤ ቁጭ በልና ላጫውትህ» አልሁት።

ተቀመጠ። ጀመርሁለት። ነገሩ ረዘመ፤ ወታደሮቹ መኪና ላይ ሆነው ይጠብቁታል፤ ግማሹን እንኳ ሳልጨርስለት ተነሥቶ ሄደ። ጨዋታ አቋርጦ የሚሄድ ሰው ያናድደኛል። ስለዚህ ይኸው ሙሉውን ጻፍሁት፤ ሲመቸው ያንብበው።

የማወራው ስለ ባለከበሮ ሽጉጥ ነው። ጥይቶቹ የሚቀመጡበት የሚዞር ክብ ብረት አለው፤ እሱን ነው ከበሮ የምንለው። መምቻውን በአውራ ጣትህ ወደ ኋላ ስትጎትተው ከበሮው ይዞርና አዲስ ጥይት ከአፈሙዙ ትይዩ ይቆማል። ሙያው ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ከበሮው ትንሽ ካለፈ ወይም ትንሽ ከቀረ የጥይቱ እርሳስ በአፈሙዙ ጠርዝ ይላጣል። ጭራሽ አልዞርም ካለ ደግሞ ባለቤቱ በእጁ የያዘው ቁራጭ ብረት ነው።

ሙያውን ያስተማረኝ የእናቴ ወንድም ውብነህ ነው፤ አያ ውብነህ እለዋለሁ። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። እኛ ባለእጆች ነን። በደህናው ቀን ሰው ከሩቅ ነው ሰላም የሚለን፤ ማረሻው የዶለዶመ ዕለት ግን ከደጃችን አይጠፋም። በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እያለ ልጁን ከእኛ የሚሸሽግ ሁሉ፣ ጠመንጃው እንቢ ያለው ቀን «የኔ ጌታ፣ አያ ውብነህ» ይል ነበር። በዚህ ድሮ ተናድጄ ጨርሻለሁ። አሁን አልናደድም። ትንሽ እናደዳለሁ።

አያ ውብነህ ቀጭን፣ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሞረድ በእጁ ካለ አይናገርም። ሽጉጥ ሲፈታ የበግ አጎዛ ያነጥፋል፤ ጥቃቅኖቹ ብረቶች ጠጉሩ ውስጥ ስለሚያርፉ አይንከባለሉም። ከግራ ወደ ቀኝ በወጡበት ተራ ይደረድራቸዋል። ባለቤቱ አጠገቡ ካልተቀመጠ ደግሞ የማንንም መሣሪያ አይፈታም። ሰዎች ይህን ሲያዩ ባለእጅ እንዳይሰርቃቸው የሚጠብቁ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዱም በእውነት ለዚያ ነበር የሚቀመጠው። የአያ ውብነህ ምክንያት ግን ሌላ ነው። የአንዱ ሽጉጥ ብረት ከሌላው ከተቀላቀለ ሁለቱም ይሞታሉ።

ለምን ቢሉ፣ የዱሮዎቹን ሽጉጦች ከጫፍ እስከ ጫፍ የሠራቸው አንድ ሰው ነበር። እጀታውን ሲያነሱት ከሥሩ ትንሽ ምልክት አለች፤ አንዱ ላይ መስቀል የመሰለች፣ ሌላው ላይ የወፍ እግር የመሰለች። ያችው ምልክት በከበሮውም፣ በመምቻውም፣ በምላጩም ላይ ትገኛለች። ያ የማላውቀው ፈረንጅ እነዚህን ብረቶች አንዱን ከአንዱ እያላከከ ሞርዶ ሞርዶ ሲስማሙለት የእነሱ ብቻ የሆነች ምልክት ያደርግባቸዋል። አያ ውብነህ ያችን ምልክት ባየ ቁጥር «ወንድሜ እንደምን ዋልህ» ይላታል። ሲቀልድ የሰማሁት በዚህ ብቻ ነው።

ሽጉጥን የሚመረምረው በጆሮው ነበር። ባዶውን ሽጉጥ ወደ ጆሮው ያስጠጋል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ መምቻውን ቀስ አድርጎ ይጎትታል። መጀመሪያ ከበሮውን የምትቆልፈው መቀርቀሪያ ስትላቀቅ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ይሰማል። ከበሮው ይዞራል። ከዚያ መቀርቀሪያዋ በሚቀጥለው ጎድጓዳ ትገባለች፤ ቀጭ። በመጨረሻ መምቻው ቦታውን ይይዛል፤ ቋ። ቀጭታዋ መቅደም አለባት። ከዘገየች ከበሮው ሳይቆለፍ ሊተኮስ ነውና ሽጉጡ ታሟል። ቀጥሎ በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል የፈረስ ጭራ ያስገባል። አንድ ነጠላ ጠጉር በምቾት ካለፈች ደህና ነው፤ ሁለት አብረው ካለፉ ከበሮው ልል ነው።

ተኩሶ መሞከር የሚባል ነገር አልነበረም። ጥይት እንደዛሬው ከሱቅ አይገዛም። አንድ እፍኝ ጥይት ለማግኘት ሰው ከብቱን ይሰጥ ነበር። «ለሙከራ አምጣ» ብትለው «ለገደሉ ልተኩስለት?» ብሎ ይስቅብሃል። ደግሞም አያስፈልግም ነበር። አያ ውብነህ ሰምቶ ጤነኛ ነው ያለው ሽጉጥ ባለቤቱን አላሳፈረም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርሁ። ብረት የሚያውቅ ሁሉ እየተለቀመ ምሽጉ ውስጥ ኦፊቺና ወደሚሉት የመሣሪያ ማደሻቸው ተወሰደ፤ እኔም ከተለቀሙት አንዱ ሆንሁ። አለቃዬን ካፖ እንለዋለን፤ መላጣ፣ ሲሠራ የሚያንጎራጉር፣ ሲቆጣ መዶሻ የሚወረውር፣ ወዲያው ደግሞ ዳቦ ቆርሶ የሚሰጥ ሰው ነበር። ሥራዬ የመኮንኖቹን ሽጉጥ መጥረግና ዘይት መቀባት ነው። ጠላት ነው፤ እጠላዋለሁ፤ የሚያስተምረኝን ግን አልጠላሁም።

አንድ ቀን ሁለት ሽጉጦች አብሬ ፈታሁ። ከላይ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። የአንደኛው ገላ ከአንድ ወፍራም ብረት ተቀርጾ የወጣ ነው፤ ከውስጥ የሞረዱ ዱካ ይታያል፤ ምልክቷም ከቦታዋ አለች። የሁለተኛው ገላ እንደ ቆርቆሮ ከተነጠፈ ብረት ታጥፎ በሚስማር የተያያዘ ነው። ውጭው ያብለጨልጫል፤ ውስጡ አመድ ይመስላል። ምልክት የለውም። ብረቶቹን ከሌላ ሽጉጥ ብረቶች ጋር ብቀላቅላቸው ያለ ሞረድ ግጥም አሉ። ገረመኝ። ካፖን በእጄ እያመለከትሁ ጠየቅሁት። አማርኛው ጥቂት ነው፤ «ድሮ ትልቅ ጦርነት። ብዙ ወታደር። ቶሎ ቶሎ!» አለና ሳቀ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አያ ውብነህ ከጉንደ ወይን ማዶ ካሉት አርበኞች ጋር እንደገባ ሰማሁ። እናቴ ታማብኛለች ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁና ወጣሁ፤ አልተመለስሁም። እናቴ ደህና ነበረች።

የዚያ ወገን አርበኞች መሪ ፊታውራሪ ገሠሠ ይባላሉ። ሥራችን ከአንድ የዋሻ አፍ ላይ ነበር፤ ወናፉን ከውስጥ፣ ብረት የምንቀጠቅጥበትን መስፍ ከበሩ አድርገን ማለት ነው። ቀን ከሌት የሚመጣው የተሰበረ ሰደፍ፣ የላላ ሞላ፣ የዛገ አፈሙዝ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ የሚቆርሰው አያሌው የሚባል ገበሬ ብቻ ነበር። «እናንተን ፈርቼ ምን ልሁን፣ የምትበሉልኝ ሥጋ የት አለኝ?» ይላል፤ በእውነትም ከስቶ ነበር። ሚስቱ ይታይሽ ስንቁን ስታመጣ ለእኛም ጨምራ ነው። አያ ውብነህ ሲበላ ቀና ብሎ አያይም፤ እነሱ ሲመጡ ግን ቀና ይላል። ይወዳቸው ነበር።

አንድ ጊዜ አማኑኤል አካባቢ ከመንገድ የተያዘ መኪና ላይ አንድ ሳጥን ሽጉጥ ተገኘ። ሁሉም አዲስ የሚመስሉ፣ የሚያብለጨልጩ ናቸው። ሰፈሩ በዕልልታ ተናወጠ። ፊታውራሪ አንዱን ከሳጥኑ አንሥተው በቀጥታ ወገባቸው ላይ ሻጡት፤ መሪ ነኝ ብለው ለባለእጅ ማሳየቱን አልወደዱትም። የተረፉት ወደ እኛ መጡ። ፈታታናቸው፤ ያው እንደ ኦፊቺናው ሁለተኛ ሽጉጥ ምልክት የለሽ ናቸው። የአንዱ ብረት ላንዱ ይሆናል። አጎዛውን ትተን የሁሉንም ከአንድ ሰፌድ ላይ ዘረገፍነው፤ ባለቤት ይቀመጥ ማለትም ቀረ። ሰው በዚህ ደስ አለው። «እንዲህ ነው እንጂ ሥልጣኔ! አንዱ ቢሰበር ከሌላው ትተካለህ» ይላል ሁሉም።

ለአያ ውብነህ ካፖ ያለኝን ነገርሁት። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ጆሮው እያስጠጋ አዳመጣቸው። ትንፋሽ፣ ቀጭ፣ ቋ። ሁሉም ልክ ናቸው። የፈረሱም ጭራ ልክ አለፈች። እሱ ግን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

«ምነው?» አልሁት።

«ድምፃቸው አንድ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ደግ አይደለም?»

«እንጃ። የአንዱም ሠሪ አይሰማኝም» አለ።

አያሌው ከነዚያ ሽጉጦች አንዱ ደረሰው። ሊወስደው ሲመጣ ይታይሽ አብራው ነበረች። ሴትዮዋ ነገር ካልጨበጠች አትለቅም። ሽጉጡን አየችና «አያ ውብነህ፣ ይሄ እንዲህ የሚያብለጨልጭ ነገር ባሌን ይመልስልኛል?» አለችው።

አያ ውብነህ የማንንም ጥያቄ በችኮላ አይመልስም። ሽጉጡን ተቀብሎ እንደገና አዳመጠው። ከዚያ «ጤነኛ ነው። በኔ ይሁን» አላት።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየ። አርበኞቹ ከአንድ ወንዝ ላይ ሲያፈገፍጉ አያሌው ከኋላ ቀርቶ መሻገሪያውን ያዘ። የጠመንጃው ጥይት አለቀ። ሽጉጡን መዘዘ፤ አንድ ተኮሰ፤ የመጀመሪያውን ጠላት ጣለው። ሁለተኛውን ሊተኩስ ሲል ከበሮው አልዞር አለው። ባልንጀሮቹ ከማዶ ሆነው በሁለት እጁ ሲታገለው አይተዋል። እንደዚያ እየታገለ ነው የመቱት። በመሸ ጊዜ ሬሳውን አወጡት፤ ሽጉጡም ከእጁ አልወጣም ነበር።

ሐዘኑ ገና ሳይበርድ የአያሌው ታላቅ ወንድም ጫኔ ከፊታውራሪ ዘንድ ከሰሰን። ጉባኤው ከአንድ ሾላ ሥር ተቀመጠ። እኔና አያ ውብነህ መሐል ላይ ቆምን።

«ይሄኛው ከጣሊያን ኦፊቺና የመጣ ነው» አለ ጫኔ ወደኔ እየጠቆመ። «ያኛው አጎቱ ነው። ሆን ብለው አበላሽተው ነው የሰጡት። ደሜን ይስጡኝ ፊታውራሪ!»

ሰው አጉረመረመ። ባለእጅ ድሮም አይታመንም ያለ ድምፅ ከኋላ ሰማሁ። ትናንት ጠመንጃውን ያቃናሁለት ሰው ነበር፤ ዞሬ አየሁት፣ ዓይኑን ሰበረ።

ፊታውራሪ አያ ውብነህን አዩት። «ጤነኛ ነው ብለህ ሰጥተኸዋል?»

«ሰጥቻለሁ ጌታዬ።»

«ጤነኛ ነበር?»

«አልነበረም።»

«እያወቅህ?»

«ሳላውቅ። በሽታው ባዶውን ሲሆን አይናገርም።»

ከዚያ ሽጉጡን ፈቶ አሳያቸው። ጥይት ሲተኮስ ቀለሁ ወደ ኋላ ይረግጣል፤ የሚረግጠውም ከከበሮው በስተጀርባ ያለውን ብረት ነው። የዱሮዎቹ ሠሪዎች እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ጠንካራ ብረት ሰክተውበታል። ቶሎ ቶሎ የተሠሩት ላይ ይህ ቀርቷል፤ ብረቱ ያው ለስላሳው ገላ ነው። አንድ ጊዜ ሲረገጥ ተሠርጉዶ ጥይቱን የሚወጋው መርፌ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ከንፈር አውጥቷል፤ ያ ከንፈር ቀለሁን ነክሶ ያዘው። ከበሮው ያልዞረው ለዚህ ነው።

ጫኔ ግን ሞኝ አልነበረም። «አንተው ሞርደህ ያሳሳኸው ቢሆንስ? ሞረዱ በማን እጅ ነው?» አለ።

እውነቱን ነው፤ ሞረዱ በእኛ እጅ ነው። አያ ውብነህ ወደ ፊታውራሪ ወገብ ጠቆመና «የፊታውራሪ ሽጉጥ ከዚያው ሳጥን የወጣ ነው። እኔም እሱም ነክተነው አናውቅም። ይተኮስበት» አለ።

«ጥይት ለሙከራ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ለነፍሴ ነው ጌታዬ።»

«ደህና ሆኖ ቢገኝሳ?»

«ለጫኔ ይስጡኝ።»

ፊታውራሪ ሽጉጣቸውን ከወገባቸው ፈቱና ሰጡት። ሁለት ጋሻ ጃግሬዎች ጠመንጃቸውን ደገኑበት። አያ ውብነህ ወደ ገደሉ ዞሮ ተኮሰ። መምቻውን ጎተተ፤ ከበሮው ዞረ። ጫኔ እጁን ወደ ጎራዴው ወሰደ። ሁለተኛ ተኮሰ፤ ከበሮው አሁንም ዞረ። እመብርሃን አልሁ። አጎቴ ራሱ ያመነበት እንደሆነ እንኳ ከፊቱ ማወቅ አልቻልሁም። ሦስተኛ ተኮሰና መምቻውን ጎተተ። አልሄደለትም። በሁለት አውራ ጣቱ ጎተተ። አልሄደለትም። ሽጉጡን አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ለፊታውራሪ መለሰላቸው።

ፊታውራሪ ታገሉት። ፊታቸው እስኪቀላ ታገሉት። «ይሄን ነው ትራሴ ሥር አድርጌ የምተኛው?» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። ጫኔ መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። «በሉ ልቀቋቸው» ተባለ፤ እኔ እግሬ አውጪኝ ልል ስል አያ ውብነህ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ቀረህ?» አሉት።

«ፍርዱ ደግ ነው ጌታዬ። በኔ ይሁን ያልኋት ግን ሴትዮዋን ነው» አለ።

በማግሥቱ ቄሱንና ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ከይታይሽ ደጅ ሄድን። አያ ውብነህ ከአጥሯ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ተንበረከከ። እንደ አገራችን ወግ ይቅር ያለች እንደሆነ ድንጋዩን በእጇ ታወርድለታለች። ይታይሽ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ጠጉሯን ተላጭታለች። ሽማግሌዎቹ ጥፋቱ የሽጉጡ እንደሆነ፣ ፊታውራሪም እንደፈረዱ ነገሯት። አስጨርሳ ሰማቻቸው።

«አያ ውብነህ፣ እኔ ሽጉጡን አልጠየቅሁትም። አንተን ነው የጠየቅሁህ» አለችና ተመልሳ ገባች።

ፀሐዩ እስኪበረታ እዚያው ተንበርክኮ ቆየ። ቄሱ በቃ አውርደው አሉት። «ያወረደችልኝ የለችም አባቴ» አለ፤ ድንጋዩን እንደ ተሸከመ ዳገቱን ወጥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዋሻው በር አጠገብ አስቀመጠው። እኔም ንካው ስላላለኝ አልነካሁትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራችን ተለወጠ። ሰፌዱ ተነሥቶ አጎዛው ተመለሰ፤ ባለቤትም ይቀመጥ ተባለ። የእነዚያን ሽጉጦች ጀርባ እየቦረቦርን ከተሰበረ ጎራዴ የተቆረጠ ብረት ሰካንባቸው። ከባዱ ሥራ ይህ ነበር። ቁራጩ በእሳት ከተቃጠለ ይለሰልሳል፣ ከጠነከረ ይሰበራል፤ የገለባ ቀለም ሲይዝ ከእሳት አውጥቶ ቅባት ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። አያ ውብነህ ቀለሟን በጥላ ውስጥ ነው የሚያያት፤ ፀሐይ ያታልላል ይል ነበር።

ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው። ሽጉጥ ያሠራ ሁሉ ጥይት ይዞ ይመጣል፤ አያ ውብነህም በራሱ እጅ ይተኩሳል። «የመጀመሪያዋ ጥይት የባለእጁ ናት» አለ። የሚፈነዳ ከሆነ እሱ እጅ ላይ ይፈንዳ ማለቱ ነው። ጥይት ያንን ያህል ውድ በነበረበት ጊዜ ይህን ማለት ጉድ ነበር። ጥይት አባካኙ ውብነህ እያሉ ሰደቡት። ጥሎን ወደ ሌላ ባለእጅ የሄደም አለ። ፊታውራሪ ግን የራሳቸውን ሽጉጥ ከነጥይቱ ይዘው መጡ፤ እንደ ማንኛውም ሰው አጎዛው አጠገብ ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያጉረመርም ቀነሰ።

የሚተኩሰው ከዋሻው አፍ ላይ ቆሞ ነው፤ ድንጋዩ ድምፁን መልሶ ጆሮ ላይ ይጥለዋል። ጠላት አገራችንን ለቆ ሳይወጣ አያ ውብነህ «እ?» ማለት ጀመረ። መጀመሪያ ሐሳብ የያዘው መሰለኝ። አንድ ቀን ሽጉጥ ወደ ጆሮው አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ መምቻውን ጎተተ። ደግሞ ጎተተ። ወደ ግራ ጆሮው አዞረው። ከዚያ ሽጉጡን ለእኔ ዘረጋልኝና «በል አንተ ስማው» አለኝ። እንደሱ ያለ ጆሮ ከእንግዲህ የትም እንደማላገኝ አውቄ ከዋሻው ኋላ ሄጄ አለቀስሁ።

ከነጻነት በኋላ ይጁቤ ገበያ ዳር ሱቅ ከፈትን፤ እሱ በእጁና በዓይኑ፣ እኔ በጆሮዬ እንሠራለን። ያ ድንጋይ አብሮን መጣ፤ በር ላይ ተቀመጠ። ኋላ እኔ ግምጃ ቤት ስቀጠር ብዙ ዓይነት ሽጉጥ አልፎብኛል፤ የየአንዳንዱን የመጀመሪያ ጥይት እኔው ስለተኮስሁ ቀኝ ጆሮዬም እዚያው ቀረ። ለሻምበሉም ይህን ነበር ልለው ያሰብሁት። የፋብሪካ መኪና የሠራው ሁሉ መጥፎ አይደለም። እጅ የማይደርስበትን ልክ መኪና ይደርስበታል፤ የዛሬው ሞላ ከዱሮው የተሻለ ነው፤ ከአባቱ ሽጉጥ የሚበልጥ አዲስም አይቻለሁ። ቀጥቅጠው ያወጡት የነበረውን ጥቃቅን ብረት አሁን አቅልጠው እንደ ሻማ ማፍሰስ ጀምረዋል፤ እሱ አልተመቸኝም፤ ድንገት ነው የሚሰበረው። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። ዱሮ ሠሪው ሲጨርስ በኔ ይሁን የሚል ምልክት ያደርግ ነበር። ያ ሲቀር ሽጉጡ ያምራል፣ ይመሳሰላል፣ የሚጠየቅለት ሰው ግን የለውም። ልብህ የማያርፈው ለዚህ ነው ሻምበል።

ሱቁን በከፈትን በጥቂት ዓመታት፣ ግምጃ ቤት ሳልገባ ገና፣ በአንድ ገበያ ቀን ይታይሽ መጣች። ጠጉሯ በቅሎ ሸብቷል። ነጠላዋን ፈታችና አንድ ሽጉጥ አወጣች። የአያሌው ነው።

«ልጄ አድጎ የአባቴን ካልያዝሁ ይለኛል» አለችኝ። «አጎትህን ጠይቅልኝ። ይሄ ነገር ጤነኛ ነው ወይ?»

አያ ውብነህ የተናገረችውን አልሰማም። ሽጉጡን ግን ገና በእጁ ሲይዘው አወቀው። አጎዛውን አነጠፈ። እሷም ወጉን ታውቃለችና አጠገቡ ቁጭ አለች። ሲፈታ፣ ሲቦረቡር፣ ብረቱን ሲሰካ፣ ሲሞርድ ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም። ገበያው ተበተነ፤ እሷ አልተነሣችም። ሲጨርስ ጥይቶቹን ተቀበላት፤ ከሱቁ ጎን ወዳለው ገደል ወጣን። አያ ውብነህ እጁን ዘርግቶ ከበሮው ባዶ እስኪሆን ተኮሰ። አንድም ጊዜ አልያዘም። ባዶዎቹን ቀለሆች ለቃቀመና ገና እንደሞቁ በመዳፏ ላይ አኖረላት። ጤነኛ ነው አላላትም። ይህን ቃል ከአያሌው ወዲህ ለማንም ብሎት አያውቅም።

ይታይሽ ቀለሆቹን ጨበጠች። «ይቅር ብየሃለሁ አያ ውብነህ» አለችው።

እሱ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ ወደኔ ዞረ። «ምን አለች?»

እኔ ጮኼ ልነግረው ወደ ጆሮው ተጠጋሁ። እሷ ግን ወደ ሱቁ በር ትመለከታለች።

«ያ ከደጄ የወሰደው ነው?» አለችኝ።

«ነው» አልኋት።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ድንጋዩን ጎንበስ ብላ አነሣችው፤ ልርዳሽ ብላት በክርኗ ገፋችኝ። መጥታ ከማጅራቱ ላይ አኖረችለት። አያ ውብነህ ደነገጠ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ዳሰሰው፤ አወቀው፤ እዚያው አፈሩ ላይ ተንበረከከ። ይታይሽ በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ አወረደችለት። ወስዳም ገደሉ ውስጥ ጣለችው።

አያ ውብነህ ቀና ብሎ ወደኔ አየ። ምን አለች ብሎ ግን አልጠየቀኝም።